የጄሪካኑ ቀይ መስመር

ቁልፉን ያስረከብኩት ሐሙስ ቀን ነው። የወርክሾፑን ቁልፍ፣ የመሣሪያ ክፍሉን ቁልፍ፣ ሁለት ብረት ማሰሪያ ሞርሳ፣ አሥራ ሰባት ሞረድ፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ የዘይት ጣሳ። የተረከበችኝ ሳጅን ማርታ ትባላለች፤ ገና ወጣት ናት፣ ሙያውን በትምህርት ያገኘች፣ ጥፍሯ ሥር ጥቁር ዘይት የሌለባት ልጅ። እሷ ዝርዝሩን እያነበበች፣ እኔ ዕቃውን እያሳየሁ፣ ሁለታችንም እየፈረምን ምሳ ሰዓት ደረሰ። በመጨረሻ ከሞርሳው በላይ ምስማር ላይ የተንጠለጠለውን አሮጌ ቢጫ የዘይት ጄሪካን አየችው።

«ጋሼ፣ ይሄስ? ዝርዝሩ ላይ የለም።»

ጄሪካኑ አምስት ሊትር ይይዛል። አንገቱ ላይ ወፍራም ሽቦ ታስሮበታል። ወገቡ ላይ ዙሪያውን ቀይ መስመር ተሰምሮበታል፤ ቀለሙ ብዙ ቦታ ላይ ተልጧል፣ ግን አሁንም ይታያል።

«ውኃ መያዣ ነው» አልኳት።

«መስመሩስ?»

«እንዲሁ ነው።»

ሠላሳ አራት ዓመት በመንግሥት ሥራ ኖሬ፣ ከወርክሾፑ ስወጣ የተናገርኩት የመጨረሻ ነገር ውሸት ሆነ። በሶዶ ቁልቁለት ወደ ቤቴ በእግሬ ስወርድ ሰው ሁሉ «እንኳን ደስ አለህ፣ አረፍክ» ይለኛል። ማረፍስ የት አለ! ለዚህች ልጅ መመለስ የነበረብኝን መልስ ነው አሁን የምጽፈው። የመሥሪያ ቤቱን ስም አልጠቅስም፤ ጥፋቱ የእኔ እንጂ የቤቱ አልነበረም።

ሥራ የጀመርኩት ቤሌ በምትባል የወላይታ ከተማ ነው፣ ተራ ኮንስታብል ሆኜ። ያኔ መንገዱ ጭቃ፣ ጣቢያው ሁለት ክፍል፣ መሣሪያው ደግሞ ከእኔ ዕድሜ የሚበልጥ ጠመንጃ ነበር። አለቃችን ለማንኛውም የብረት በሽታ መድኃኒቱ ላምባ ነው ብለው የሚያምኑ ደግ ሰው ነበሩ። ዝገት ሲሉዋቸው ላምባ፣ ተጣበቀ ሲሉዋቸው ላምባ። እኔ ግን ከልጅነቴ የተበላሸ ነገር ሳይ እጄ አያርፍም። የጣቢያውን ቁልፍ፣ የሬዲዮኑን ማዞሪያ፣ የአለቃዬን የእጅ ሰዓት ሳይቀር ፈትቼ ገጥሜያለሁ። ወሬው ሶዶ ደረሰና አንድ ቀን የዝውውር ደብዳቤ መጣልኝ፤ ወደ መሣሪያ ጥገና ክፍል፣ በሃምሳ አለቃ ውብሸት ሥር።

ሃምሳ አለቃ ውብሸት የደብረ ብርሃን ሰው ነበሩ። ጦር ሠራዊት ውስጥ የተማሩ፣ ቀጭን፣ ሲቆጡ ድምፃቸው የሚቀንስ ሰው። እኔ ጴንጤ ነኝ፣ እሳቸው ረቡዕና ዓርብ የሚጾሙ ኦርቶዶክስ። አንድ ጠረጴዛ ላይ አሥር ዓመት ምሳ በልተናል፤ በሃይማኖት አንድ ቀን ተከራክረን አናውቅም። የምንከራከረው በሞረድ ነበር።

ሰው ሁሉ «ቃታ ሳበ» ይላል። እኛ ግን ጣት የሚያርፍበትን ብረት ምላጭ ነው የምንለው። ሽጉጥ ሲቀባበል ጥይቱን የሚያስነሳው መዶሻ ወደ ኋላ ይሄድና አንዲት ትንሽ የብረት ጥርስ ይዛ ታቆመዋለች። ምላጩ ሲሳብ ጥርሷ ትለቃለች፣ መዶሻው ይወድቃል፣ ጥይቱ ይተኮሳል። ሰው ይኑር ወይም ይሙት፣ ጉዳዩ በዚያች ጥርስና በአንድ ጣት መካከል ያለ ነው። የእኔ ዕድሜም ያለቀው እዚያው ላይ ነው።

መጥፎ ምላጭ ሰው ያስፈጃል። በዴሳ የምትባል ከተማ ላይ አንድ ባልደረባችን ገበያ መሐል የገባ እብድ ውሻ ሊመታ ሦስት ጊዜ ተኩሶ ሦስቴም ሳተ፤ አንዱ ጥይት የእህል ነጋዴ ደጃፍ ላይ ያለ ግንድ ውስጥ ገባ። ነጋዴው ከግንዱ ጀርባ ነበር። ሰዎች በባልደረባችን ሳቁበት። ሽጉጡ ወደ እኛ ሲመጣ ምላጩ ግማሽ መንገድ ሄዶ ይነክሳል፣ በኃይል ሲጎትቱት ደግሞ ድንገት ይለቃል፤ እጅ እንዴት አይናወጥ? ሃምሳ አለቃ ያን ሽጉጥ አሳዩኝና «የሳተው ሰውየው አይደለም፣ እኛ ነን» አሉኝ። ከዚያን ቀን በኋላ ሥራዬን እንደ ቁልፍ መፍታት አላየሁትም።

የእሳቸውን አሠራር ልንገራችሁ። ሽጉጥ እጃቸው ሲገባ መጀመሪያ የጥይቱን ካዝና ያወጣሉ፣ ጥይት የሚገባበትን ቦታ በዓይናቸው ያያሉ፣ ከዚያ ትንሿን ጣታቸውን ከትተው ይዳስሳሉ። ለሁለተኛ ጊዜ እንደገና። ከዚያ ወደ እኔ ያዞሩትና «ባዶ?» ይላሉ። እኔም አይቼ፣ ዳስሼ፣ «ባዶ» ካላልኩ ሥራው አይጀመርም። በቀን አርባ ጊዜም ቢሆን ያው ነው። አንድ ጊዜ ሳላይ በአፌ ብቻ «ባዶ» ብያቸው፣ ሽጉጡን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው ወጡና እስከ ማግስቱ አልተመለሱም።

ቀጥሎ ባለቤቱን ዓይኑን ያስጨፍኑትና ባዶውን ሽጉጥ እንዲስብ ያደርጉታል። «ምን ተሰማህ? በቋንቋህ ንገረኝ» ይሉታል። ወላይትኛ ብዙ አያውቁም ነበር፣ የሚያስፈልጋቸውን ያህል ግን ለቅመዋል። ሰውየው «ሹቻ» ካለ ድንጋይ ነው ማለቱ ነው፤ ሞላው ወይም የደረቀው ቅባት ይታያል። አብዛኛው ምላጭ የሚድነው በማጽዳት፣ የደከመ ሞላ በመቀየር፣ የሚፋተጉትን ጎኖች በብርጭቆ ወረቀት በትዕግሥት በማለስለስ ነው። ጥርሷን ግን አትነካም። ጥርሷ ካስቸገረች ትቀይራታለህ እንጂ አትሞርዳትም። ይህ የክፍሉ ሕግ ነበር።

ከዚያ ጄሪካኑ ይመጣል። ሽጉጡን አፈሙዙን ወደ ላይ አድርገን ሞርሳ ላይ እናስራለን፣ እናቀባብለዋለን፣ የጄሪካኑን ሽቦ ምላጩ ላይ እናንጠለጥላለን። ከዚያ ውኃ በኩባያ፣ ቀስ እያሉ። ውኃው ቀዩ መስመር ሳይደርስ መዶሻው ከወደቀ ምላጩ ከሚገባው በላይ ቀሏል፤ ያ ሽጉጥ ከክፍሉ አይወጣም። መጨረሻ ላይ በጎማ መዶሻ ሽጉጡን ከአራት ጎን መምታት አለ፣ ቢወድቅ ወይም ቢላተም ጥርሷ እንዳትለቅ። ይህ ሁሉ ሲያልቅ ብቻ ነው መዝገቡ ተከፍቶ «ተፈትኗል» ተብሎ የሚጻፈው። «ጥሩ ምላጭ እንደ ጥሩ በር ነው» ይሉ ነበር። «ሰው ሲገፋው ይከፈታል፣ ነፋስ ሲነካው አይከፈትም።»

እኔም ሙያው ገባኝ። እንዲያውም ከሚገባው በላይ ገባኝ። ከየወረዳው የሚመጣው ፖሊስ «ሶርሳ የነካው ምላጭ ቅቤ ነው» ማለት ጀመረ። ሶርሳ እኔ ነኝ። ሰው ሲያመሰግነኝ ልቤ እንደሚያብጥ አልክድም። ሃምሳ አለቃ ይህን ሲሰሙ ቀና ሳይሉ «ቅቤ ይቀልጣል» አሉ። እኔ ቅናት መሰለኝ። እግዜር ይቅር ይበለኝ።

አሁን ወደ ማርቆስ ልምጣ።

ማርቆስ ኮንስታብል ነበር፣ የቦዲቲ ልጅ። የእኔም ወላጆች ቤት ቦዲቲ ስለሆነ በአንድ አጥር ዝምድና ነበረን፤ «ኢሻ» ይለኛል፣ ወንድም ማለት ነው። ቀልደኛ፣ ሩጫ የሚወድ፣ ኳስ ሲጫወት ሰው ሥራ ፈትቶ የሚያየው ልጅ። ወደ ወርክሾፑ የመጣው የጊፋታ ዋዜማ ነው፣ ቅዳሜ ጧት።

ጊፋታ የወላይታ ዘመን መለወጫ ነው፤ መስከረም ላይ፣ እሑድ ቀን ይውላል። ከዚያ በፊት እንጨቱ ይፈለጣል፣ ዱቄቱ ይፈጫል፣ የከብቱ ሣር ይታጨዳል። የተጣላም ይታረቃል፤ ቂም ይዞ ወደ አዲሱ ዓመት መግባት ነውር ነው። እናቴ «ሥራም ጠብም ጊፋታን አይሻገርም» ትለን ነበር። ልጆች ሆነን ያልተጠረገ ደጅ እንኳ አታሳድርብንም። በዚያ ዓመት ደግሞ አባቴ ስለሞተ፣ ከዘመድ ጋር የገዛነው ኮርማ ሲታረድ የመጀመሪያውን ሥጋ የምቆርጠው እኔ የበኩር ልጁ ነበርኩ። ከቀትር በፊት ቦዲቲ መድረስ አለብኝ። ሃምሳ አለቃ ውብሸት ወንድማቸው ሞቶባቸው ደብረ ብርሃን ለቅሶ ሄደዋል። ክፍሉ ውስጥ ብቻዬን ነኝ።

«ኢሻ፣ ይሄ ሽጉጥ ሹቻ ናት» አለ ማርቆስ ሽጉጡን እያስቀመጠ። «በዓሉን ተረኛ ነኝ። እንደዚህ ይዣት አልወጣም።»

«ትተኸው ሂድ፣ ሌላ ይሰጡሃል።»

«ሌላ የለም ተባልኩ። አንተ እኮ ቅቤ ታደርገዋለህ።»

ይቺ ቃል በቃችኝ። ፈታሁት፣ አጸዳሁት፣ ሞላውን ቀየርኩ፣ ጎኖቹን አለሰለስኩ። ተሻለ፣ ግን አሁንም ጫፉ ላይ ይነክሳል። ጥርሷ ናት። መለወጫ ጥርስ ከመሣቢያ አውጥቼ ልክ ለማስገባት፣ ከዚያ ሁሉንም እንደገና ለመፈተን ሁለት ሰዓት ይፈጃል። ሁለት ሰዓት አልነበረኝም። ደግሞ ልናገር፣ መቅበጥም ነበረበት፤ እጄን አመንኩት። ሞረዱን አነሳሁና ነካኋት። ትንሽ። ከዚያ ደግሞ ትንሽ።

ስስበው እውነትም ቅቤ ነበር። በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ምላጭ ስቤ አላውቅም። ጄሪካኑን ሰቀልኩና ውኃ ጨመርኩ። መዶሻው ወደቀ። ውኃው ከቀዩ መስመር አራት ጣት ዝቅ ብሎ ነበር።

ጄሪካኑን እያየሁ ትንሽ ቆምኩ። ማርቆስ ግን ሽጉጡን ከሞርሳው ፈትቶ ስቦት ነበር፤ ፊቱ በርቷል።

«ይሄ ነው ኢሻ! ይሄ ነው!»

ሽጉጡ ተፈትቶ ቢያድር ያላለቀ ሥራ ጊፋታን ሊሻገርብኝ ነው። በጎማ መዶሻ የመምታቱን ፈተና ተውኩት። መዝገቡን ከፍቼ «ተፈትኗል፣ ደህና» ብዬ ጻፍኩና ፈረምኩ። ለማርቆስ «ከጊፋታ በኋላ ና፣ አንዲት ነገር አስተካክልልሃለሁ» አልኩት። ለምን እንደሆነ አልነገርኩትም። እሱም አልጠየቀኝም፤ የእኔን እጅ ማን ይጠይቃል! በሩን ቆልፌ ወደ መናኸሪያ ሮጥኩ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል። ኮርማው ታረደ፣ የመጀመሪያውን ሥጋ ቆረጥኩ፣ ሽማግሌዎች መረቁኝ።

ቦዲቲ እስከ ረቡዕ ቆየሁ። ሐሙስ ሥራ እንደገባሁ ስልክ ተደወለ፤ ማርቆስ በዴሳ ከብት ገበያ ላይ ተመትቷል።

የሆነው ይህ ነው። በሬ ሰርቆ የሚሮጥ ሰው ሲያሳድድ ማርቆስ ሽጉጡን አውጥቶ አቀባበለ። ሌባው ይህን ሲያይ እጁን ሰጠ። ማርቆስ አፈሙዙን ወደ መሬት አድርጎ ከአንድ ዝቅተኛ ካብ ላይ ወደ ታች ዘለለ። እግሩ መሬት ሲነካ ሽጉጡ ተኮሰ። ጥይቱ የግራ ጉልበቱን በታተነው።

እኔ ገና ስልኩን ሳልዘጋ ነው ያወቅሁት። ጥርሷ ናት። የዝላዩ ንዝረት አላቀቃት።

ሽጉጡ በዚያው ቀን ለምርመራ መጣ። ማን ይመርምረው? ሃምሳ አለቃ አልተመለሱም፤ ያለሁት እኔ ብቻ ነኝ። የመሥሪያ ቤቱ አለቃ «ሶርሳ፣ ነገ ጧት ኮሚቴው ይመጣል፣ አዘጋጅተህ ጠብቅ» ብለው ሄዱ። በሩን ዘጋሁ። የሞረድኳትን ጥርስ አወጣሁ፣ አዲሷን ከመሣቢያ አምጥቼ ተካሁ፣ በትክክል አስገባኋት፣ ልክ ቅዳሜ ማድረግ እንደነበረብኝ። ሁለት ሰዓት አልፈጀብኝም፤ ሃምሳ ደቂቃ ነው የወሰደው። አሮጌዋን የብረት ቁርጥራጭ ጣሳ ውስጥ ወረወርኳት።

ጧት ሦስት ሰዎች መጡ። ጄሪካኑን ሰቀልኩ። ውኃውን ያፈሰስኩት በገዛ እጄ ነው፣ ኩባያ በኩባያ። ውኃው ቀዩን መስመር ነካ፣ አለፈ፣ መዶሻው ገና አልወደቀም። አንደኛው ሰውዬ «መሣሪያው ጤነኛ ነው» አለ። ሌላው «እንግዲህ ጣቱን ምላጩ ላይ ረስቶ ነው» አለ። እኔ ኩባያውን አስቀምጬ ጄሪካኑን ከምላጩ አወረድኩ።

ሆስፒታል ልጠይቀው ሄድኩ። አልሄድ ምን ልል ነው? ማርቆስ ተኝቷል፣ እግሩ በጄሶ ተይዟል። ቀኝ እጁን ከብርድ ልብሱ አውጥቶ ሌባ ጣቱን እያየ ነበር።

«ኢሻ፣ መጀመሪያ አልነካሁም ብያቸው ነበር» አለኝ። «ግን ሽጉጡ ጤነኛ ነው አሉ። አንተም ፈትነኸዋል። ስለዚህ... ጣቴ ናት መሰለኝ። ሳላውቅ ነክቻለሁ።»

«ይሆናል» አልኩት።

አንዲት ቃል ናት። ከሞረዱም ከመዝገቡም የከፋው እሷ ናት። በቸልተኝነት ተብሎ ከሥራ ተሰናበተ። ኳስ የሚጫወትበት እግሩ ተንጋዶ ቀረ።

ሃምሳ አለቃ ውብሸት በሁለተኛው ሳምንት ተመለሱ። አንድ ልማድ ነበራቸው፤ በየዓርቡ የቁርጥራጩን ጣሳ ጋዜጣ ላይ ይገለብጡና የተበላሸውን አንድ በአንድ ያያሉ። ትምህርት የሚሆን ካገኙ በክብሪት ቀፎ ከትተው የሽጉጡን ቁጥር ይጽፉበታል። በዚያን ዓርብ ጋዜጣው ላይ ብዙ ቆዩ። ከዚያ አንዲት ነገር በጣታቸው አንስተው ወደ መስኮቱ ሄዱ፣ ብርሃን ላይ አዩዋት፣ መዝገቡን ከፈቱ፣ ፊርማዬን አዩ። ወደ እኔ መጡና መዳፋቸውን ዘረጉ። ጥርሷ መሐል ላይ ናት።

«ባዶ?» አሉኝ።

አሥር ዓመት ሙሉ የመለስኩላትን ቃል መመለስ አቃተኝ። አለቀስኩ። ሁሉንም ነገርኳቸው።

ቆም ብለው ሰሙኝ። ድምፃቸው በጣም ቀንሶ ነበር። «እኔ ሄጄ ብናገር የእኔ ቃል ነው የሚሆነው። አንተ ሂድና ንገር» አሉኝ። ሄድኩም። የአለቃው በር ድረስ ሄጄ ጸሐፊዋ «ስብሰባ ላይ ናቸው» ስትለኝ ደስ አለኝ። እንደዚህ ያለ ደስታ ሰይጣናዊ ነው። ማግስቱን አልሄድኩም። ልጆቼን አሰብኩ፣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ያለኝን ስም አሰብኩ፣ እስር ቤቱን አሰብኩ። ሃምሳ አለቃ ዳግመኛ አልጠየቁኝም፤ ከሥራ ቃል በቀር ግን አላነጋገሩኝም። በስምንተኛው ወር ጡረታ ወጡ። በሽኝታቸው ቀን ሁሉንም አቅፈው ተሰናበቱ፤ ለእኔ ግን ጥርሷ ያለችበትን የክብሪት ቀፎ ሰጡኝ። የማርቆስ ሽጉጥ ቁጥር ተጽፎበታል። ደብረ ብርሃን ማረፋቸውን ከዓመታት በኋላ በስልክ ሰማሁ። እሳቸውም ተሳስተዋል እላለሁ፤ መናገር ነበረባቸው። ግን ይህን የማለት መብት የለኝም።

ከዚያ በኋላ ሃያ ዓመት ሠራሁ። አንድም ምላጭ ያለ ጄሪካን፣ ያለ ጎማ መዶሻ ከእጄ አልወጣም። ቅቤ ያለኝን ሰው እቆጣ ነበር። ሹመትም የምስጋና ወረቀትም ተሰጠኝ። ዲጂታል መለኪያ ሲመጣ ጄሪካኑን ጣሉት ብለውኝ አልጣልኩትም። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ። የእኔ አልቀለለም፤ ቦዲቲ በሄድኩ ቁጥር ማርቆስን ሩቅ ሳየው መንገድ እቀይራለሁ።

ይህን ሁሉ አስቤ ነው፣ ካስረከብኩ በኋላ ባለው ሰኞ ወደ ወርክሾፑ የተመለስኩት። ማርታ ሞርሳው ላይ አጎንብሳለች።

«ጄሪካኑ ውኃ መያዣ አይደለም» አልኳትና ከላይ እስከ ታች ነገርኳት። ሞረዷን አስቀምጣ ሰማችኝ። ሳበቃ አልወቀሰችኝም፣ አላጽናናችኝምም።

«ሰውየው ያውቃል?» ብቻ አለች።

«አያውቅም።»

«ታዲያ ለምን ለእኔ ይነግሩኛል?»

ልክ ናት። በዚያው ቀን ለመሥሪያ ቤቱ ጥፋቴን ያመንኩበትን ደብዳቤ ጽፌ አስገባሁ፤ የማርቆስ ፋይል እንዲታረም፣ በእኔ ላይ የሚመጣውም እንዲመጣ። መልሱን ገና እየጠበቅኩ ነው። በዚያው ሳምንት ቅዳሜ፣ የጊፋታ ዋዜማ፣ የክብሪት ቀፎውን በኪሴ ይዤ ቦዲቲ ሄድኩ።

ማርቆስ አሁን ወፍጮ ቤት አለው። ለበዓሉ የሚፈጨው ብዙ ስለሆነ ሴቶች ተሰልፈዋል። ፀጉሩ ዱቄት ይሁን ሽበት አይለይም። ሲያየኝ ወፍጮውን ለሚስቱ ትቶ በምርኩዙ እያነከሰ ወጣ።

«ኢሻ! ስንት ዘመን! ዮዮ ጊፋታ!»

የበዓል ሰላምታውን ሳልመልስ «እንቀመጥ» አልኩት። ከግድግዳው ሥር ካለው አግዳሚ ላይ ተቀመጥን። ቀፎውን ከፍቼ ጥርሷን መዳፉ ላይ አስቀመጥኩለት፤ ምን እንደሆነች፣ ማን እንደሞረዳት፣ ማን እንደደበቃት ነገርኩት። ወፍጮው ይጮሃል፤ ድምፄን ከፍ ማድረግ ነበረብኝ። ጥፋትን በጩኸት መናገር ከባድ ነው።

ማርቆስ ወደ መዳፉ አጎነበሰ። በቀኝ ሌባ ጣቱ ጥርሷን ነካት፣ ተዋት፣ እንደገና ነካት።

«አልነካሁም ነበር» አለ በመጨረሻ፣ ለራሱ።

«አልነካህም።»

«ትልቋ ልጄ ፖሊስ ልሁን አለች። የአባትሽ ጣት አለብሽ ብዬ ከለከልኳት። አለቀሰች።» ጣቱን ወደ ፊቱ አቀረበው። «ሃያ ዓመት ይቺን ጣት ጠላኋት።»

መሬት ላይ ተንበረከክሁ። በጊፋታ ዋዜማ ይቅርታ የጠየቀን አለመማር ነውር እንደሆነ እሱም እኔም እናውቃለን። ሴቶቹ ዞረው ያዩናል። «ማርቆስ፣ ይቅር በለኝ። ይሄ ነገር ዘንድሮም አይሻገርብን» አልኩት።

«ተነስ» አለኝ። አላነሳኝም፤ ራሴ ተነሳሁ። «ያኔ ከጊፋታ በኋላ ና ብለኸኝ ነበር፣ ታስታውሳለህ?»

«አስታውሳለሁ።»

«ሰኞ መጣሁ። ወደ በዴሳ ከመሄዴ በፊት፣ በጧት። በሩ ተቆልፏል። ትንሽ ደጁ ላይ ተቀመጥኩ፣ ከዚያ የበዴሳው መኪና ሊሄድብኝ ሲል ተነሳሁ።»

ይህን አላውቅም ነበር። ሃያ ዓመት ሙሉ ስለዚያ ሽጉጥ የማላውቀው ነገር ያለ አይመስለኝም ነበር። እሱ ደጄ ላይ ሲጠብቀኝ እኔ እዚሁ ቦዲቲ፣ ከዚህ ወፍጮ ቤት አምስት ደቂቃ በማይሞላ መንገድ፣ ሥጋ እየበላሁ ነበር።

ማርቆስ ጥርሷን ቀፎው ውስጥ መልሶ ክዳኑን ዘጋ፣ ሸሚዝ ኪሱ ውስጥ ከተታት። ምርኩዙን ይዞ ተነሳ።

«አንተም ከጊፋታ በኋላ ና» አለኝ። «ሰኞ። ልጆቼ ይኖራሉ። ለእነሱ ትናገራለህ፣ ከራስህ አፍ ይስሙ። ይቅርታውን ከዚያ በኋላ እናያለን።»

እሑድ ጊፋታ ዋለ። ወንድሞቼ ቤት ሥጋ ቀረበ፣ ዳጣ ቀረበ፣ አልበላሁም። ቂሙ ዓመቱን ተሻገረ፤ እናቴ በሕይወት ብትኖር ምን ትል ነበር እያልኩ ነጋ። ሰኞ ጧት ቢከፈትም ባይከፈትም ደጁ ላይ ልቀመጥ ቆርጬ ሄድኩ። ወፍጮ ቤቱ ተዘግቷል። የመኖሪያ ቤቱ በር ግን ክፍት ነበር።